የጋሽ ደበላ በርሜሎች

ጋሽ ደበላ ማረፋቸውን በስልክ የነገረችኝ ልጃቸው ጫልቱ ናት። «አባዬ ዛሬ ጠዋት አረፈ» አለችኝ። እግዜር ያጽናሽ ማለት ሲገባኝ ከአፌ ቀድሞ የወጣው «በርሜሎቹንስ ማን ያጠጣቸዋል?» የሚል ነበር። ወዲያው አፈርኩ። ጫልቱ ግን እያለቀሰች ሳቀች። «አንቺም እንደሱ ሆነሻል፣ አበራሽ» አለችኝ።

እንደሳቸው ሆኜ ቢሆን ይህን ሁሉ መጻፍ ባላስፈለገኝ። አልሆንኩም። አንድ ጊዜ፣ መሆን በነበረብኝ ሰዓት፣ አፌን ዘግቼ ቆሜያለሁ። የሳቸውን ነገር ስናገር የራሴንም ሳልደብቅ መናገር አለብኝ፤ ደብቄ ብናገር ከመቃብር ተነስተው ይቆጡኛል።

በደርግ ዘመን ነው። የዛሬዋ አዳማ ያኔ ናዝሬት ትባል ነበር፤ እኔም ገበያው አጠገብ ባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ መድኃኒት እሸጥ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቀጭን፣ ረጅም፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የቆለፉ ሰው መጡ። «አካም ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። እንዴት አደርሽ ልጄ ማለታቸው ነው። ቀጠሉና ግማሽ ኪሎ የእንግሊዝ ጨው ጠየቁኝ።

የእንግሊዝ ጨው ሆዱ ለደረቀበት ሰው የሚሰጥ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው። ለአንድ ሰው አንድ ማንኪያ ይበቃል። ግማሽ ኪሎ ሙሉ ቀበሌ ያስሮጣል። «ለማን ነው?» ስላቸው ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት ሳይታይ «ለሃያ ሁለት ነፍስ» አሉኝ። ሰጠኋቸው። በወሩ ተመልሰው መጡ። በሦስተኛው ወር ደግሞ ከጨዉ ሌላ ለነፍሰ ጡር ሴቶች የምንሰጠውን የብረት ክኒን ጠየቁ። ገንዘብ ተቀባይዋ አስቴር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ሰውዬው ወይ ሆዳቸው ደርቋል፣ ወይ አርግዘዋል» አለችኝ። ሳቄን ለመዋጥ ጀርባዬን ሰጥቼ መደርደሪያ መጥረግ ጀመርኩ።

የብረት ክኒን በዚያ ሳምንት የቀረን ሁለት ብልቃጥ ብቻ ነበር። አንዱን ላወጣላቸው ስል ከኋላቸው የሐኪም ወረቀት የያዘች፣ ቀኗ የደረሰ ሴት ቆማለች። ዞር ብለው አዩዋት። ብልቃጡን በጣታቸው ወደ እኔ ገፉና «ሁለቱንም ለሷ ስጪ። ቲማቲም አይወልድም፤ ይጠብቃል» አሉ።

«ቲማቲም?» አልኩ።

«እሁድ ነይና በሽተኞቼን እያቸው» ብለው ቤታቸውን ነግረውኝ ወጡ።

ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ በቁመታቸው የተሰነጠቁ የዘይት በርሜሎች በድንጋይ ላይ ተጋድመዋል። በውስጣቸው አፈር የሚባል ነገር የለም፤ እኛ አገር እግር የምናሽበት፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፈው ያ ቀላል ነጭ ድንጋይ ተፈጭቶ ሞልቷቸዋል። በድንጋዩ ላይ ቲማቲም፣ ሰላጣና ቃሪያ ቆሟል። ከእያንዳንዱ በርሜል ሥር በጎማ ቱቦ የተያያዘ ባልዲ አለ። ጋሽ ደበላ ባልዲውን ከፍ አድርገው ግንድ ላይ ሲሰቅሉት ውኃው ወደ በርሜሉ ገብቶ ሥሩን ያረጥባል፤ ባልዲውን ሲያወርዱት ውኃው ተመልሶ ይወርዳል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሃያ ሁለት ባልዲ ሲያወጡና ሲያወርዱ ይውላሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ቲማቲሙ ግን ወገቤን አልፎ ደረቴ ጋ ደርሶ ነበር።

ጋሽ ደበላ በመቂ በኩል ባለ አንድ የአትክልት እርሻ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነበሩ። እርሻው የአንድ ጣሊያን ነበር፤ ያለ አፈር ማብቀሉን ያስተማራቸውም እሱ ነው። መንግሥት እርሻውን ሲወርስ ጣሊያኑ ሄደ፣ እሳቸው ቀሩ። አዲሱ ኃላፊ አፈር የሌለውን የውኃ መደብም እንደ ሌላው ማሳ ዩሪያ ማዳበሪያ አጠጡት ብሎ አዘዘ። ጋሽ ደበላ «አይሆንም፣ ይሞታል» ብለው ጻፉ። ታዘዘ፤ አጠጡት፤ አትክልቱ ሞተ። ለሞቱ ተጠያቂ የተደረጉት ግን አይሆንም ያሉት ሰው ናቸው። ከሥራ ሲባረሩ ከመጋዘኑ ጀርባ የተጣለ፣ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ የጠጠረ የጣሊያኑን የናይትሬት ማዳበሪያ በጆንያ ለምነው በጋሪ ይዘው ወጡ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ጫልቱ መቂ ታስተምር ነበር። ከዚያ በኋላ የሚበሉትም የሚሸጡትም ከነዚህ በርሜሎች የሚወጣውን ነበር።

«ዩሪያ መጥፎ አይደለም» ይሉኝ ነበር። «አፈር ውስጥ ዩሪያን የሚያበስሉ ዓይን የማያያቸው ብዙ ፍጥረታት አሉ። እዚህ ግን ያለው ድንጋይና ውኃ ነው፤ ወጥ ቤት የለንም። ወጥ ቤት የሌለው ሰው የበሰለ ምግብ ነው የሚገዛው። ናይትሬት የበሰለ ነው።» የእንግሊዝ ጨው ቅጠሉን አረንጓዴ ያደርግላቸዋል። ለፍሬው የቡና ገለባ አመድ ዘፍዝፈው ያጠሉታል፤ አመዱ እንዳይበረታ ሎሚ ይጨምሩበታል። ዳፕ ከሚባለው ማዳበሪያ ቁንጥር ታህል ብቻ። ክኒኑን ነፍሰ ጡሮች ከወሰዱባቸው በኋላ ብረቱን ከዛገ ሚስማር በሎሚ ያወጡት ጀመር። ጥርስ የሚያበልዘውን የከተማውን ውኃ አይነኩም፤ ከቆርቆሮው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ ነው የሚያጠራቅሙት። ሁሉንም በማንኪያ ይለካሉ፤ ማንኪያዋን ለሻይ እንኳ ማንም አይነካትም።

በሁለተኛው እሁድ እኔም ባለሙያ ልምሰል ብዬ ናይትሬቱንና የእንግሊዝ ጨዉን፣ ዳፑንም ጨምሬ፣ በአንድ ማሰሮ በጥቂት ውኃ በጠበጥኩት። ዓይኔ እያየ እንደ እርጎ ረጋ። ደነገጥኩ። ጋሽ ደበላ ሳቁ። «እነዚህ ባላጋሮች ናቸው፣ ኢንታላ ኮ። በጠባብ ቤት ካስገባሻቸው ይያያዛሉ፤ በሰፊ ውኃ ውስጥ ግን አንዱ አንዱን ሳይነካ ይኖራል። ለየብቻ በጥብጪ፣ በርሜል ላይ አገናኚያቸው።» ከዚያ ከኪሳቸው ጠመኔ አወጡና ሰጡኝ።

ይህን ጠመኔ ነው የማልረሳው። እያንዳንዱ በርሜል ሆድ ላይ ሦስት መስመር ይጽፋሉ፤ ምግቡ፣ ቀኑ፣ ያጠጣው ሰው። አንድም ቀን አያልፉም። «ተክል አፍ የለውም። ሲታመም ምን እንዳበሉት አይናገርም፤ ያበላው ሰው ይናገርለት» ይላሉ። ውኃው የረጋበት ማሰሮ ላይ «በስህተት ረጋ። አበራሽ» ብዬ እንድጽፍ አደረጉኝ። እየሳቅኩ ጻፍኩ። ለትንሽ ጥፋት ስም መጻፍ ቀላል ነው።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር መጀመሪያ የመጣው ጎረቤት ጠቁሞት ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ያንን ሰው አንቱ ማለት ዛሬም አልሆነልኝም። እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «በከተማ ቦታ እርሻ ማን ፈቀደልህ? መሬት የሰፊው ሕዝብ ነው!» አለ።

«ልክ ነህ ጓድ» አሉ ጋሽ ደበላ። «እኔም አልነካሁትም። በርሜሉን አንሳና እይ፤ የሕዝቡ መሬት ከሥሩ እንዳለ አለ።»

በአጥሩ በኩል ሲያዩ የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። አንድ ቲማቲም ቆርጦ ነከሰ፤ ጣፈጠው መሰለኝ ባርኔጣውን ሞልቶ ሄደ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ወረቀት ይዞ ነው። ነገሩን እያሰበበት ሰንብቷል። በቀበሌው ግቢ እንዲህ ያለ የበርሜል እርሻ ይቋቋማል፤ እያንዳንዱ ቤት በርሜል ያዋጣል፣ ሴቶቹ በተራ ባልዲ ያነሳሉ፤ ምግቡ ደግሞ በማኅበሩ መጋዘን ውስጥ በብዛት ያለው ዩሪያ ይሆናል። ለአብዮት በዓል ከአውራጃ እንግዶች መጥተው ያያሉ። ከጋሽ ደበላ የሚፈለገው አንድ ፊርማ ብቻ ነው፤ እነዚህ አትክልቶች በዩሪያ የበቀሉ ናቸው የሚል። ከፈረሙ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ካልፈረሙ ከመንግሥት እርሻ ጆንያ ማውጣታቸው በኢኮኖሚ አሻጥር ያስጠይቃቸዋል። እኔ ጥግ ላይ ባልዲ ይዤ ቆሜ ነበር።

ጋሽ ደበላ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበቡት። አጣጥፈው መለሱለት። «እጄ ጤነኛ ነው፣ እስክሪብቶም አለኝ» አሉ። «ወረቀትህ ላይ እውነቱ ጎድሏል እንጂ። ናይትሬት አስመጣልኝ፣ ቀበሌውን በሙሉ ሰላጣ አለብሰዋለሁ። በዩሪያ ግን የሴቶቹ ድካም ነው የሚሞተው። ጽፌ አልዋሽም።»

በማግስቱ ወሰዷቸው። በርሜሎቹንም ሃያ ሁለቱን በጭነት መኪና ጭነው ወደ ቀበሌው ግቢ አጋዟቸው። መታሰሪያ ክፍሉም እዚያው ግቢ ጀርባ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ መጣ። ከጋሽ ደበላ ቤት ስወጣ ስገባ ታይቻለሁ፤ መቀመምም አውቃለሁ፤ ስለዚህ እስከ በዓሉ ድረስ ጠዋት ጠዋት በርሜሎቹን ዩሪያ እንዳጠጣ ታዝዣለሁ። ምግብ ላደርስላቸው ስሄድ ነገርኳቸው። በፍርግርጉ በኩል ሳህኑን ተቀበሉኝ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። «ያዘዙሽን አጠጪ» አሉኝ። «እምቢ ብትዪ አንቺም እዚህ ትገቢያለሽ፤ ሳህን የሚያመጣልን አይኖርም። አንድ ነገር ብቻ አደራ። ያጠጣሽውን ጻፊ።»

ሃያ አንዱን በርሜል እንደታዘዝኩት አጠጣሁ፣ ጻፍኩ። ሃያ ሁለተኛዋ ግን በማዕዘኑ፣ ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር የነበረችው፣ ጋሽ ደበላ ከሁሉ የሚወዷት ነበረች። አንጀቴ አልቻለም። እቤታቸው ከቀረው ናይትሬት እየበጠበጥኩ በሁለት የግሉኮስ ጠርሙስ፣ ባላጋሮቹን ለየብቻ፣ በጋዎኔ ሥር ደብቄ አመጣላት ጀመር። ይህን ያህል ደፍሬያለሁ። ጠመኔውን ሳነሳ ግን ልቤ ከዳኝ። በሷም ላይ «ዩሪያ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ግን ስሜን አላሰፈርኩም።

በሳምንቱ ሃያ አንዱ ጠወለጉ። ቅጠላቸው ከዳሩ እየተቃጠለ ገባ፤ ግቢው ሽንት ሽንት ይሸት ጀመር። የአብዮት በዓል ሲደርስ ቢጫ እንጨት ነበሩ። ሃያ ሁለተኛዋ ብቻ እንደ ሙሽራ ቆማለች፤ ፍሬዋ ቀልቶ ክፈፉ ጋ ደርሷል። እኔም የዋህ ነኝ፣ እንግዶቹ ሲያዩ ራሳቸው ይገባቸዋል ብዬ ነበር።

እንግዶቹ መጡ። ሊቀመንበሩ ግቢውን ሲያይ ላብ አጠመቀው። ከዚያ ዓይኑ ማዕዘኗ ላይ አረፈ። ጠጋ ብሎ ጽሑፌን አነበበ፤ ፊቱም በራ። «ጓዶች፣ ተመልከቱ!» ብሎ ጮኸ። «ዩሪያ ጠጥታ እንዲህ ሆናለች! እነዚህኞቹን የገደላቸው የአሻጥረኞች እጅ ነው። የገዛ ባለሙያችንም ይህን አይቶ ይፈርማል።» ጋሽ ደበላን አስጠራቸው።

በዚያች ደቂቃ ምን እንዳደረግሁ ገባኝ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ደበላን አስሮም ሊያገኘው ያልቻለውን ማስረጃ በገዛ ጠመኔዬ ጽፌ ሰጥቼዋለሁ። ሴቶቹ በርሜል ሊያዋጡ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ባልዲ ሲያነሱ፣ የሞተ ቲማቲም ሲጥሉ ሊኖሩ ነው። ጋሽ ደበላም ከፈረሙ ውሸታም፣ ካልፈረሙ እያየ የካደ ሊባሉ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

ጋሽ ደበላ ጢማቸው አድጎ፣ ቁልፋቸው እንደወትሮው እስከ አንገታቸው ተቆልፎ መጡ። ወረቀቱን ሰጧቸው። ሳይቀበሉ ወደ በርሜሏ ሄዱ። ቅጠሏን በሁለት ጣት ይዘው አገላበጡ፤ ውኃውን አሸተቱ። ጽሑፌን አነበቡ። የእጅ ጽሑፌን ያውቁታል። ወደ እኔ ግን አልዞሩም። «ዩሪያ» ያልኩትን በሸሚዛቸው እጅጌ አበሱት፤ ከደረት ኪሳቸው የጠመኔ ስባሪ አወጡ። እስር ቤት ውስጥ ይዘውት ኖረዋል። በትልልቁ «ናይትሬት» ብለው ጻፉ።

ከአውራጃ ከመጡት እንግዶች ዋናው ኮስተር አሉ። «ማን አጠጣት?»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ነጭ ጋዎን ለብሼ፣ ባልዲ ይዤ፣ ከመካከላቸው ቆሜያለሁ። ዓይኔን ወደ ባልዲው ጣልኩ። ከዚያ ጠመኔው ቆርቆሮ ላይ ሲንጫረር ሰማሁ። በሦስተኛው መስመር ላይ «ደበላ» የሚል ተጽፏል።

«አንተ እኮ እስር ላይ ነበርክ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንግዲህ ጥበቃህን አጥብቅ» አሉት።

እንግዳው የሞቱትን ሃያ አንዱን አንድ በአንድ እያዩ አለፉ። የያንዳንዱን ጽሑፍ አነበቡ፤ ዩሪያ፣ ዩሪያ፣ ዩሪያ። ወደ መኪናቸው ገቡ። የበርሜሉ እርሻ በዚያው ቀረ፤ የቀበሌያችን ሴቶች ከሃያ ሁለት ባልዲ ዳኑ። ጋሽ ደበላን ግን ወደ ትልቁ እስር ቤት ወሰዷቸው። ዓመት ከሦስት ወር ታሰሩ። ራሳቸውን ለማዳን አንድ ቃል መዋሸት እምቢ ያሉት ሰው እኔን ለማዳን አንድ ቃል ዋሹ።

ሲፈቱ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጫልቱ በርሜሎቹን አስመልሳ ነበርና ባልዲ እያነሱ አገኘኋቸው። ይቅርታ የሚለውን ቃል ከቤቴ ጀምሮ አዘጋጅቼዋለሁ። አፌን ስከፍት «የእንግሊዝ ጨው አላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። አለን አልኩ። የማዕዘኗ በርሜል እዚያው ቆማለች። የመጀመሪያው መስመር ናይትሬት ይላል፣ ሁለተኛው የዚያን ጊዜውን ቀን። በሦስተኛው መስመር ላይ ስማቸውን አጥፍተውታል። «ያጠጣው፦» ይልና ባዶ ነው። አየሁት። እንዳላየሁ ሆኜ ሻይ ጠጣሁና ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ተዛውሬ አሰላ ገባሁ፤ ወለድኩ፣ ከበድኩ። ደርግም ወደቀ። ናዝሬት በመጣሁ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ፤ አንድም ቀን ያንን ነገር አላነሱብኝም። ዝናብ ጽሑፉን ሲያደበዝዘው ሁለቱን መስመር ያደምቁታል፤ ሦስተኛውን ይተዉታል። ብዙ ዓመት እንዲህ አድርገዋል። ባዶውን ባየሁ ቁጥር ከራሴ ጋር እጣላለሁ፤ በሚቀጥለው እነግራቸዋለሁ እላለሁ። ፈሪ ቀጠሮ አያጣም።

በመጨረሻው ሳምንት ሆስፒታል ነበሩ አለችኝ ጫልቱ። ዘጠና ሊሞላቸው ጥቂት ነበር የቀራቸው። ግሉኮስ ሊሰቅሉላቸው የመጡትን ነርሶች «ምንድነው የምታጠጡኝ? ጻፉበት!» ብለው ተቆጧቸው፤ አንዷ ሳቀችና ፕላስተር ላይ ጽፋ ለጠፈችላቸው። በሱ ተረጋግተው ተኙ።

በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ትንሽ ተቀመጥኩና ወደ ጓሮ ዞርኩ። በርሜሎቹ ዝገዋል፤ ግማሾቹ በሽቦ ታስረዋል። ውኃቸው ግን አልጎደለም፤ ጫልቱ እያለቀሰችም አጠጥታቸዋለች። የማዕዘኗ ላይ ቃሪያ አለ። ሁለቱ መስመሮች ደምቀዋል፤ ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት ያደመቋቸው መሆን አለበት። ሦስተኛው እንደተለመደው ክፍት ነው። የጠመኔው ጣሳ እንደጥንቱ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሏል።

ከጣሳው ጠመኔ አነሳሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከእንግዲህ የምፈራው ሰው አልነበረም፤ ሊቀመንበሩም ከሞተ ቆይቷል። እንዲያም ሆኖ ፈራሁ። በትልልቁ «አበራሽ» ብዬ ጻፍኩበት።

ጫልቱ ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሯል። ጽሑፉን አነበበች። ታውቅ እንደነበር ከዓይኗ ገባኝ። ሰማዩን ቀና ብላ አየች፤ ደመናው ከዝዋይ በኩል እየተሰበሰበ ነው።

«ዝናብ ያጥበዋል እኮ» አለችኝ።

«ሲያጥበው መጥቼ እጽፈዋለሁ» አልኳት። ባልዲውን አንስቼ ግንዱ ላይ ሰቀልኩት።